የዞረው ባልዲ

እህቴ ጥሩዬ፣ በልጅነታችን የጤፍ አጨዳ ደቦ የጠሩት አጎታችን አያ ሞላ። ዛሬ ልጄ በስልኳ፣ እየዞረች በውስጧ ላሉ ሰዎች ክብደት የምትፈጥር የጠፈር መንኮራኩር ስታሳየኝ ትዝ አሉኝ።

ለአጫጆቹ ጠላ በባልዲ ስንወስድ ጥሩዬ «ብታዞረው አይፈስም» አለችኝ። ከራሴ በላይ አዞርኩት፤ እውነትም ጠብታ አልወረደም። ግን ክብደቱ ወደ ጎን ጎተተኝና ተንገዳግጄ ወደቅሁ፤ ጠላውም ተደፋ።

አያ ሞላ «አንተ ቀበጥ! ባልዲው ጠላውን ያዘ፤ አንተን ማን ይያዝህ?» አሉኝ።

ይህን ስነግራት ልጄ «አባዬ፣ ሰዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ቢሄዱ መንኮራኩሯ አትንገዳገድም?» አለች።

ትንገዳገዳለች መሰለኝ፤ በምን እንደሚያረጋጓት ግን አላውቅም። ያላወቁትን አላውቅም ማለት ነውር አይደለም፤ ሳያውቁ መድፈር ግን ያስከፍላል። እኛን ያስከፈለን አንድ ባልዲ ጠላና የአሥራ አንድ አጫጆች ጥማት ነው።