የእኛ ቤት ላፕቶፕ የዘመን አቆጣጠር

እኛ ቤት ያለው ላፕቶፕ የሚኖረው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። እንዲህ ያደረገው ባለሙያ አይደለም፤ ባለቤቴ ነው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን አንድ በአንድ በገዛ እጁ ቀየረው። «እዚህ አገር እስከኖረ ድረስ የአገሩን ቀን ይቁጠር» አለ፤ አለቀ።

ምክንያት አለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነው። አንድ ጊዜ ባዘጋጀው የስብሰባ ጥሪ ላይ ላፕቶፑ ማንም ሳይጠይቀው የፈረንጁን ቀን ጨምሮ አተመበት። የዕድሩ ዳኛ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው «ጸሐፊያችን፣ ይኼ የማን አገር ዕድር ነው?» ብለው በሰው ፊት ጠየቁት። ባለቤቴ ሰው ላይ መቀለድ ይወዳል፤ ሲቀለድበት ግን አይወድም። በማግስቱ ላፕቶፑ ዘመኑን ለወጠ።

ችግሩ፣ ላፕቶፑ ወር የሚቆጥረው እንደ እኛ አይደለም። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ እሱ ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ያምናል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ ቀን የለውም። ስለዚህ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ባለቤቴ ላፕቶፑን ዘግቶ ጨርቅ ያለብሰዋል፤ ኅዳር ሲብት ከፍቶ ያስተካክለዋል። «ጳጉሜንስ ምን ልታደርጋት ነው?» ብዬ ብጠይቀው «በጳጉሜ ይረፍ፤ እሱስ ዕረፍት አያምረውም?» አለኝ። ሰዓቱም የእኛው ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሆነ ላፕቶፑም ሁለት ሰዓት ይላል። ኢንተርኔት የምናየው በስልካችን ስለሆነ ላፕቶፑ ዕድሩን ከማገልገል በቀር ከዓለም ጋር ጉዳይ አልነበረውም። የሰው ባል ስንት ነገር ያደርጋል፤ የእኔው ቀን ቢያስተካክል ምን ይጎዳኛል ብዬ ተውኩት።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ለሌላ ሰው ላስተምረው ነበር። ለራሴ ብቻ፣ ደስ ስላለኝ ብቻ፣ አንድም ነገር ተምሬ አላውቅም። መገናኛ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአዋቂዎች የፕሮግራሚንግ ትምህርት ሊሰጥ ነው ሲባል ብሰማ፣ ማንንም ሳላማክር ሄጄ ተመዘገብኩ። አስተማሪያችን ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ያን ሁሉ ዓመት «ቲቸር» ስባል ኖሬ፣ አሁን እኔ እጄን አውጥቼ «ቲቸር» ስላት የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

የመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳችን ፍላሽ ሰጠችን። ውስጡ ያለው ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። «በኮምፒውተራችሁ ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው» አለችን። «ለትምህርቱ የሚያስፈልገው ሁሉ ተጭኖበታል፤ የእናንተ ሥራ መክፈት ብቻ ነው።» ከነሙሉ ዕቃው እንደሚከራይ ቤት ነው ማለት ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ቁልፍ ይዞ መግባት ነው። ቀጥላ ግን ያላሰብኩትን ነገር ተናገረች። የመጀመሪያውን መልመጃ በዚያ ማሽን ሠርተን እስከ ዓርብ ማታ በትምህርቱ ድረ ገጽ መላክ አለብን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ቦታ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ያልላከ ሰው ቦታው ለተረኛ ይሰጣል። ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ሽበቴ ይሆናል።

ዓርብ ደረሰ። ቀደም ብዬ ያልሠራሁት ሰንፌ አይደለም፤ አንዱን ቀን መብራት ጠፋ፣ አንዱን ቀን ለቅሶ ደረስኩ፣ አንዱን ቀን እንግዳ መጣ፤ ሳምንት እንደሆነ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ዕለቱ ጥቅምት ሃያ አንድ ስለነበር ባለቤቴ በጠዋት ወደ እንጦጦ ወጣ። ማርያምን ተሳልሞ፣ ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ፓርኩ ውስጥ በባሕር ዛፉ መሀል ይራመዳል። ዓምና ልቡን አሞት ስለነበር መራመድ ታዞለታል። እኔም ቤቱ ጭር ሲልልኝ ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ ፍላሹን ሰካሁ። ጭር ማለቱ እንኳ ለስሙ ነው፤ ወሰን ሰፈር ውስጥ ከጋራዥ አጠገብ የሚኖር ሰው መዶሻ ሳይሰማ አይውልም።

ፋይሉ ሲጫን አረንጓዴዋ መስመር እንደ ኤሊ ተጎተተች። ደርሳ ስትጨርስ ስክሪኑ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ በመስኮቱ ውስጥ ሌላ ስክሪን ብቅ አለ። ይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ቲቸር ያስጻፈችንን ሰጠሁት፤ ገባሁ። መልመጃዋ አንዲት መስመር ናት፤ ማሽኗ ሰላምታ እንድትሰጥ ማዘዝ። አዘዝኳት። «እንደምን አደራችሁ» ብላ ጻፈች። ክፍል ሙሉ ተማሪ ብድግ ብሎ ሰላምታ እንደሰጠኝ ነው የቆጠርኩት።

ከዚያ የስልኬን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ አጋርቼ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። እምቢ አለኝ። የድረ ገጹ የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ጊዜ ገና አልደረሰም የሚል ቀይ ገጽ መጣ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ማሽኗን አጥፍቼ እንደገና ከፍላሹ ጫንኳት፤ አረንጓዴዋ መስመር እንደገና ተጎተተች፤ ቀዩ ገጽ እንደገና መጣ። ሲግናል ሰፈር ለምትኖረው የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። «ውይ፣ የእኔማ ወዲያው ነው የሄደው!» አለችኝ በደስታ። መልካም ሴት ናት፤ ለአንድ ደቂቃ ግን ጠላኋት። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ለካ እኔ ይህን ትምህርት ለሰው ከነገርኩት በላይ እፈልገው ኖሯል። ቦታዬ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ታየኝና እንባዬ መጣ፤ አፍሬ በነጠላዬ ጠረግሁት።

በመጨረሻ ለቲቸር ደወልኩ።

«አይጨነቁ እትዬ» አለችኝ። «ምን እንደሚል ያንብቡልኝ እስቲ።»

አነበብኩላት።

«ከስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቀን ስንት ይላል?»

«ሁለተኛ ወር፣ ሃያ አንድ» አልኳት፤ ዓመቱንም ጨመርኩላት። ከዚያ የማስተማር ልማዴ አሸነፈኝና «እሱማ ትክክል ነው፤ ዛሬ ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ማርያም አይደለች?» አልኳት።

በስልኩ ውስጥ እንደ ሳል ያለ ነገር ሰማሁ። ሳል አልነበረም።

«እትዬ፣ ላፕቶፑን በእኛ ካሌንደር ነው እንዴ የሞሉት?»

«እኔ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ነው!» አልኩ። ጥፋተኛ በመጠቆም ማንም አይቀድመኝም።

ሳቋ ሲበርድላት አስረዳችኝ። ድረ ገጹ የሚያሳየው ምስክር ወረቀት እንደ መታወቂያ ነው፤ የተሰጠበት ቀን አለው። የእኛ ላፕቶፕ ግን ገና ከሰባት ዓመት በፊት ላይ ስላለ፣ ይህ መታወቂያ ወደፊት የሚሰጥ ነው ብሎ እያባረረው ነው። «ቀኑን ወደ ፈረንጁ ይመልሱትና ያልቃል» አለችኝ።

ቀላል ነገር ነው። ማውሱን ይዤ ወደ ጥጉ ወሰድኩት፤ እዚያ ስደርስ እጄ ቆመ። ባለቤቴ ካመመው ወዲህ ጨው ተከልክሏል፤ ዕቃ ማንሳት ተከልክሏል፤ መኪና መንዳት ተከልክሏል። ከልካዩም ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ቀኑን ሲያይ፣ የተዛነፈ ካለ ሲያቃና፣ ፊቱ ላይ የድሮው ሰውዬ ይመጣል። እሱን ደግሞ ልከለክለው አልፈለግሁም።

«ቲቸር» አልኳት፣ «የውጭኛውን ሳልነካ አይሆንም?»

«ይሆናል እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «ውስጥ ያለችው ማሽን ሰዓቷን የምትቀዳው ከውጭኛው ነው። መቅዳቱን ማስቆም ይቻላል። ከዚያ የራሷን ቀን ይሰጧታል። ግን ትእዛዙን እየጻፉ ነው፤ ይችላሉ?»

ሒሳብ አስተማሪን «ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው። የትኛውን ምልክት እንደማነሳ ነገረችኝ፤ አነሳሁ። ከዚያ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ፊደል በፊደል ስትነግረኝ ጻፍኩ። ዓመቱን ሰጠኋት፣ ወሩን ኦክቶበር አልኳት፣ ሰዓቱን ግድግዳዬ ላይ እንዳለው አራት ሰዓት ሞላሁና ለቲቸር በኩራት አነበብኩላት።

«ሰዓቱም እትዬ!» ብላ ጮኸች። «ሰዓቱም የፈረንጅ ነው!»

አሥር ሰዓት አደረግሁት። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ቀዩ ገጽ አልመጣም፤ በምትኩ «መልመጃዎ ደርሶናል፤ እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ብድግ ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። የጋራዡ መዶሻ እንኳ ቆመ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ኧረ ማን ወለደች?» አለችኝ።

«እኔ!» አልኳት። ደግማ አየችኝ፤ የቀኑን ጉዳይ ሁሉ አወራሁላት።

ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ጫማው ላይ የእንጦጦ አፈር፣ ፊቱ ላይ የንፋሱ ወዝ አለ። ወሬው ከአጥሩ ጀምሮ ጠብቆት ኖሮ ገና ከመግባቱ «ቀኔን ነካሽብኝ አሉ» አለኝ።

«አልነካሁም። ና እየው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና መነጽሩን አደረገ። ከላፕቶፑ ጥግ የራሱን ቀን አየ፤ በቦታው ነው። ከዚያ በመስኮቱ ውስጥ የማሽኗን ቀን አየ። ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ አስተያየው። ውስጥ ያለችው የራሷን ዘመን እንዴት እንደምትቆጥር ነገርኩት። እኔ ራሴ እንደሠራሁትም ነገርኩት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ፤ ይህ ከእሱ የማይጠበቅ ነው።

«እና ይቺ ትንሿ» አለ፣ «ሰባት ዓመት ትቀድመናለች በይኛ።»

«ሰባት ከምናምን።»

«እስቲ ጠይቂያት ታዲያ። እዚያ እኔ አለሁ?»

እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን ብዙ ዘመን አብሬው ኖሬአለሁ፤ የትኛው ሳቅ ሳቅ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ ጣቶቼን ገበታው ላይ አሳረፍኩ።

«አለህ» አልኩት። «ቀኑን ካላስተካከልኩ ብለህ አላሠራ ብለኸኛል።»

ያን ጊዜ ሳቀ፤ ጠረጴዛውን እስኪይዝ ድረስ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሲበቃው ተነሣና ፍላሹን ነቅሎ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ከተተልኝ፤ ቦርሳውንም በሩ አጠገብ ሰቀለው።

«በይ ዛሬ በጊዜ ተኚ» አለኝ። «ነገ ትምህርት አለሽ።»