ሚዛን ላይ የወጣችው ዘይነባ

ባለፈው ዓመት፣ በመጋቢት ሐሩር ነው የሆነው። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔም ሳወራው እስቃለሁ፤ ሳቄ ሲያልቅ ግን አንጀቴ ይቃጠላል።

የምሠራው እዚሁ መተማ ዮሐንስ፣ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ሴቶቹ በወንፊት እንነፋለን፣ ወንዶቹ ይሸከማሉ። ክፍያችን በሰዓት ነው። ሽንት ቤት የሄድሽበት፣ ውኃ የጠጣሽበት፣ ወገብሽን ይዘሽ የቆምሽበት ሁሉ ይቀነሳል። ማስነጠስ እስካሁን በነጻ ነው። በሩ ሰሊጥ እንዳይሰረቅ ተብሎ ከውጭ ይቆለፋል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የመተማን ፀሐይ የሚያውቅ የቀረውን ራሱ ይጨርሰው።

ከመጋዘኑ ጥግ ግን አንዲት ገነት አለች። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ምርጥ ሰሊጥ የሚቀመጥባት ክፍል ናት። ሙቀት እንዳይነካው ትልልቅ ቬንቲሌተር ተገዝቶለታል። በሰሊጥ ይቀናል እንዴ? እኛ ቀናንበት። ተቆጣጣሪያችን ደሳለኝ ወንበሩን በሯ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ጀርባው ወደ ነፋሱ፣ ዓይኑ ወደ እኛ። ትእዛዙም አጭር ነው፤ እዚያ ክፍል የሚገባው ጆንያ ብቻ ነው፤ ተሸካሚውም አውርዶ ወዲያው ይውጣ።

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አብራኝ የምትነፋው ዘይነባ ዝም አለች። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ልጆቿን እናቷ ጋ ትታ ነው እዚህ ቆላ የወረደችው። እሷ ወሬ ካቆመች ነገር አለ። ዞር ብዬ ሳያት ላቧ ደርቋል፣ ከንፈሯ ነጥቷል። «አብሽሪ፣ ደህና ነኝ» አለችኝና ወንፊቷ ላይ ተደፋች።

ውኃ ብናፈስባትም ዓይኗን አልገለጠችም። የመጋዘኑን በር ደበደብን፤ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ምሳ ሄዷል። ደሳለኝን ሄጄ ለመንሁት። ከወንበሩ ሳይነሳ ጥላ ሥር አስተኟት አለኝ። ወይ ጉድ! ድስት ውስጥም እኮ ጥላ ነው። ነፋሱ ጋ ትግባ ስለው፣ ለአንዷ ከፈቀድሁ ነገ ሁላችሁም ትታመማላችሁ አለ።

ይሄኔ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ገብሬ የሚባለው የአርማጭሆ ሰው፣ ባዶ ጆንያ አነሳ። ዘይነባን ትንፋሽ እንዳያጥራት አድርጎ ሸፋፈናትና ትከሻው ላይ ጫናት። እኔም እግሯን በሌላ ጆንያ ጋርጄ ከኋላ ደገፍሁ።

ልናልፍ ምንም አልቀረንም ነበር። ደሳለኝ ግን ሥራውን ያውቃል።

«ቆይ፣ ይሄ ኩንታል አይሞላም» አለ። «ሚዛን ላይ አውጣው።»

ሚዛኑ እዚያው በሩ አጠገብ ነው። ገብሬ ግራ ገባው፤ ግራ ሲገባው አወጣት። ደሳለኝ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያይ ከጆንያው ሥር ብቅ ያለውን ጫማዋን ያይ ነበር። እሱ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ጎንበስ ብሎ አነበበና፣ ግማሽ ነው፣ ተመልሶ ይሞላ ብሎ ፈረደ።

ይሄን ጊዜ ጆንያው አቃሰተ። እኔም አላስቻለኝም፤ ሰው ናት፣ ዘይነባ ናት ብዬ ጮህሁ።

ደሳለኝ ደነገጠና ተቆጣ። «ሰው ከሆነች ሚዛን ላይ ምን ልትሠራ ወጣች?» አለ።

ገብሬ ድምፁን ሳያነሳ «ሐላስ፣ በቃ» አለ። ጆንያውን ገፍፎ ጣለ። ዘይነባን አቀፋትና ደሳለኝን ከነወንበሩ ገፋ አድርጎ ገባ። ቬንቲሌተሩ ፊት አስተኛት። ሴቶቹም ወንፊታችንን እየጣልን ተከተልነው፤ ኑ ያለን የለም። ደሳለኝ መጀመሪያ ዛተ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ በመጨረሻ ራሱ ውኃ አመጣ። ዘይነባ ብዙ ቆይታ ዓይኗን ስትገልጥ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

አሁን ደህና ናት፤ ወሬዋም ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲታመምብን ፊቱን ሳንሸፍን ይዘን እንገባለን፤ ደሳለኝም ወንበሩን ያነሳል። በእሱ መናደዱን ትቻለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆመን፣ እህታችን ልትሞት ስታጣጥር፣ እንደ ሰው ተሸክመናት እንግባ ያለ አንድም አልነበረም። ለመትረፍ ሰሊጥ መምሰል አለባት ብለን እኛም አምነን ነበር።