እናንተ ጋ ዘነበ?

ክረምት ለመምህር ዕረፍት ነው የሚል ሰው ጋምቤላን አያውቅም። በዚያ ክረምት የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ማጠናከሪያ አስተምሪ ተባልኩ። ሂሳቡ ሲሰለቻቸው፣ እኔንም ሙቀቱ ሲያነጫንጨኝ፣ ኢሜይል መላላክ ላስተምራቸው ተነሳሁ። ያለን አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው፤ ኢንተርኔቱ ከስልኬ ነው። ኢሉባቦር ደጋ ላይ የምታስተምር የኮሌጅ ጓደኛ ነበረችኝ፤ እሷም እንደኔ ክረምቱን ልጆች ሰብስባ ስለነበር የእኔን ልጆች ከእሷ ልጆች ጋር አንድ ለአንድ አገናኘናቸው።

በሰላምታ ነገር ግትር ነኝ። ኢሜይልም ቢሆን ደብዳቤ ነው፤ ሰላም ሳይባል ወሬ አይጀመርም። ሰሌዳው ጥግ ላይ «እንዴት ናችሁ? እኛ ደህና ነን» ብዬ ጻፍኩና ማንም እንዳያጠፋው አስጠነቀቅኩ። ይህን የዘለለ ልጅ መልእክቱ አይላክለትም።

ከሰላምታው በኋላ ግን ልጆቹ ወሬ አጡ። አይተውት ከማያውቁት ሰው ጋር ምን ይወራል? ትልልቆቹም ሲቸግረን የምናደርገውን አደረጉ፤ ስለ ዝናብ ጠየቁ። «እናንተ ጋ ዘነበ?» የደጋዎቹ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ዘነበ።

ሌሎቹ ቶሎ ወደ ኳስና ወደ ፊልም ሲሄዱ ከዝናቡ ጋር የቀረችው አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደች። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ባሮ ዳር ነው፤ አባቷ እዚያው ወንዙ አፋፍ ላይ በቆሎ ይዘራል።

«ቲቸር፣ እነሱ ጋ ብዙ ሲዘንብ እኛ ጋ ወንዙ ይሞላል» አለችኝ አንድ ቀን።

«ይሄንንማ ማን ያጣዋል?» ብዬ ሳቅኩባት።

«እኔ ግን ቀድሜ ነው የማውቀው።»

ከዚያ በኋላ የደጋዋን ልጅ መልስ ማታ ማታ ለአባቷ መንገር ያዘች። እሱ «የዝናብ ጸሐፊ» እያለ ይቀልድባታል። እንዲህ ስትለኝ ፈገግ ትላለች፤ ቀልዱን እንደወደደችው ያስታውቃል።

ነሐሴ ላይ እኛ ጋ ዝናቡ ጠፋ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል፤ ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ በቆሎውም ሊደርስ ነው። ከላይ የሚመጣው ኢሜይል ግን እያጠረ ሄደ። «ዛሬም ዘነበ።» «ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፣ የጎረቤታችን አጥር ተወሰደ።» «መንገዱ ተቆርጧል፣ እማዬ አትውጪ ብላኛለች።» ከዚያ ምንም። ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት ልጆቹ ትከሻዬ ላይ ይንጠላጠላሉ፣ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ይበተናሉ። የደጋ ልጆች ሰልችቷቸው ነው ብዬ እኔም ተናደድኩ። ጓደኛዬ ጋ ብደውል ስልኳ አይሰራም።

ሌሎቹ ሲወጡ ልጅቷ ቀረች።

«ቲቸር፣ አልሰለቹም። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። እዚያ ዝናቡ ትልቅ ነው።»

ፈራሁ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ዓይን ይወጋል። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ወንዝ ዳር ላሉት ሰዎች ይነገር አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ።

«አንቺ ደግሞ፣ ያልመጣ ኢሜይልም ታነቢያለሽ?»

ትቼው ልጅቷን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ባሮ ከፍ ብሏል፤ አፋፉን ግን አልነካም። ውሃው ድምፅ የለውም። ቅጠል አለፈ፣ ቅርንጫፍ አለፈ፣ ቀጥሎ እንጨቶቹ በሽቦ እንደተያያዙ አንድ የአጥር ቁራጭ እየተንሳፈፈ መጣ። ልጅቷ እስኪያልፍ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ እዚያ ቆሜ ግን ተረት አልመሰለኝም።

አባቷ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝና የመጣሁበትን በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ወደ ላይ ጠቆመ።

«ቲቸር፣ ሰማይ ንጹህ ነው። ደመና እንኳን የለም።»

«ዝናቡ እዚህ አይደለም፤ ከላይ ነው» አልኩት።

ሴት ልጁን አየ፣ ሚስቱን አየ። «እሺ፣ እናትና ልጆች ትምህርት ቤት ይደሩ። እኔ ከሄድኩ ማታ ጉማሬ ገብቶ በቆሎውን ይጨርሳል።»

ልጅቷ እጁን ያዘችው። «አባ፣ ና።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ የዝናብ ጸሐፊ» አላትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። እኔም ለመንኩት። በቆሎው የዓመት እህላቸው ነው፤ የሰው አባት ደግሞ እጁ ተይዞ አይጎተትም። ለመንገድ ብሎ ጥብስ በቆሎ ሰጠን። ልጅቷ አልበላችውም፤ እንደያዘችው እነእናቷ ወደሚያድሩበት ክፍል ገባች።

ጠዋት ሰማዩ እንደ ትናንቱ ጥርት ያለ ነበር። ወደ ወንዙ ስንወርድ ግማሽ መንገድ ላይ ውሃው ተቀበለን። ቤቱ ይኑር አይኑር አይታይም፤ በቆሎውም የለም። ሰዎች በታንኳ እየዞሩ ይጣራሉ። ርዕሰ መምህሩ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆሟል፤ አየኝና አንገቱን ደፋ።

ፍለጋው ሳይቆም በሌላ ቀን ከደጋ ኢሜይል መጣ። እናትየው ክፍሉ በር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ልጅቷ ላፕቶፑን ጠየቀችኝ፤ ብደብቃት በወደድኩ።

«እንዴት ናችሁ? እኛ ደህና ነን። ይቅርታ፣ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ነበር። እናንተ ጋ ዘነበ?»

በአንድ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። «እንዴት ናችሁ? እኛ» ብላ ቆመች። ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች፤ ሰላምታዬ እዚያው ጥግ ላይ ነበር፣ ማንም አላጠፋውም። የጻፈችውን ሁሉ ሰረዘችና እንደገና ጀመረች።

«እኛ ጋ አልዘነበም። አባቴን እየፈለጉት ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

«ላኪው» አልኳት።