የፊንላንዷ ተዋናይ ቀሪ ንግግር

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ስልኩን መሪው አጠገብ አስሮ በሶማሊኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ያያል። እኔ ከገበያ የገዛሁት ሳምቡሳ ዘይቱ ቀሚሴን እንዳይነካ ስጠነቀቅ ድምፁን ሰማሁ። ወርቅ በወርቅ የሆነች ሙሽራ እንባዋን እያወረደች ትናገራለች፤ ከአፏ የሚወጣው ግን የወንድ ድምፅ ነው፤ ያውም ቀጥኖና ተሞላቅቆ። ለጅጅጋ ልጅ ይሄ ብርቅ አይደለም። እዚህ ፊልም ሲተረጎም አንድ ወንድ ጀግናውንም፣ ወንበዴውንም፣ እናቲቱንም፣ ሙሽራዋንም ሆኖ ይናገራል። እኔን ያስደነገጠኝ ድምፁን ማወቄ ነው።

«ተርጓሚው ማነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«አብዲረዛቅ ነዋ! አታውቂውም እንዴ? ዝነኛ እኮ ነው!»

እንዴት አላውቀውም! ሳምቡሳዬ ቀዘቀዘ፤ ንዴቴ ግን ይኸው እስከዛሬ እንደጋለ ነው። ደግነቱ እዚህ ወረቀት ላይ ማይኩ የኔ ነው፤ ማንም አያሳጥረኝም።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሽ ዮናስ ከደሴ ተመድበው የመጡ ጎረቤታችንም ነበሩ። ከዚያ በፊት ፊንላንድ ተምረዋል። እዚያ ቤት ያከራዩአቸው አሮጊት በወጣትነታቸው ተዋናይ ነበሩ። ስማቸው ለምላሳችን ስላስቸገረ እኔና ጓደኛዬ ሆዳን «እትዬ ፊንላንድ» እንላቸው ነበር። ጋሽ ዮናስ ማታ ማታ ደጃቸው ላይ ሻይ እየጠጡ ስለ እሳቸው ያወሩናል። እትዬ ፊንላንድ ከቲያትር ቡድናቸው ጋር በበረዶ መሃል በባቡር ከከተማ ከተማ ሲዞሩ፣ ልብሳቸው ሳይደርቅ መድረክ ላይ ሲወጡ።

«ተዋናይ በባቡር?» አለች ሆዳን፤ ባቡር የሚያልፍባት የአይሻ ከተማ ልጅ ናት። «እኛ ጋ በባቡር የሚመጣው ሩዝና ሰልባጅ ብቻ ነው!»

ከዚያ እትዬ ፊንላንድን ፊልም ሠሪዎች አገኟቸው፤ ፎቶአቸው በየግድግዳው ተለጠፈ። አርባ ሲሞላቸው ግን ነገሩ ተገለበጠ። አብሯቸው ፍቅረኛ ሆኖ ይሠራ የነበረው ተዋናይ ፀጉሩ ሸብቶም ፍቅረኛነቱን ቀጠለ፤ ያውም የወጣት ልጃገረዶች ፍቅረኛ! እሳቸው መጀመሪያ የእሱ እናት ሆነው ሠሩ። የእኩያቸው እናት! ቀጥሎ ጎረቤት፣ በመጨረሻ በር ከፍታ የምትወጣ ሠራተኛ። ሲሞቱ ደግሞ ጋዜጣው ከሁሉ አስቀድሞ የማን ሚስት እንደነበሩ ጻፈ። ጋሽ ዮናስ ይህን ሲነግሩን እየሳቁ ነበር። እኔ ግን ሻዬን አስቀመጥኩት።

በፍላሽ ይዘውት የመጡት አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበራቸው። እትዬ ፊንላንድ እዚያ ላይ ወጣት ናቸው፤ የሀብታም ቤት አገልጋይ። የብር ማንኪያ ጠፋ ተብሎ በድግስ መሃል ሰው ሁሉ ፊት «እጅሽን ክፈቺ» ይባላሉ። እጃቸውን ከፍተው ረጅም ንግግር ይናገራሉ። ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ እንኳ ንግግሩን ቆርጦ አንዲት መስመር አድርጎታል። ሙሉውን ለጋሽ ዮናስ የነገሯቸው ራሳቸው እትዬ ፊንላንድ ናቸው፤ ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ ያረጀ እጃቸውን እንደገና ዘርግተው። ጋሽ ዮናስ ለእኔ ነገሩኝ፤ እኔ ለሆዳን። በቃሌ ያዝኩት።

የወላጆች ቀን ሲደርስ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ያንን ፊልም እየተረጎመ ሊያሳይ ተስማማ። የክበቡ ኃላፊ አብዲረዛቅ ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ አጎቱ ፊልም ቤት ያለው።

«የሴትየዋን እኔ ልናገር» አልኩት።

«አንቺ?» ሳቀ። «እህቴ፣ ትርጉም የወንድ ሥራ ነው። አንቺ ላፕቶፑን ያዢ፤ ጣትሽ ቀጭን ነው።»

ሆዳን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቀጭን ጣት ዓይንም ያወጣል በይው» አለችኝ።

ንግግሩን ግን አጥንቼ ነገርኩት። ሰምቶ ሳይጨርስ «ረጅም ነው፤ አሳጥረዋለሁ» አለ።

ወሩ ሰኔ ነበር፤ የጅጅጋ ንፋስ አቧራውን እያስጨፈረው። የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደን አንሶላ ሰቀልን። በስንጥቁ ንፋስ በገባ ቁጥር አንሶላው ይነፋል፤ የእትዬ ፊንላንድም ጉንጭ አብሮ ይነፋል። እናቶች በፔርሙዝ የወተት ሻይ ይዘው ስለመጡ ቤቱ በሙሉ ሄል ሄል ይሸታል። አብዲረዛቅ ማይኩን ይዞ አንዴ በአማርኛ አንዴ በሶማሊኛ ይተረጉማል። ለእሳቸው ሲደርስ ድምፁን ያቀጥናል፣ ወገቡን ይሰብቃል፣ ሰው ይስቃል።

ያ ቦታ ደረሰ። እትዬ ፊንላንድ እጃቸውን ከፍተው መናገር ጀመሩ።

«አልሰረቅኩም!» አለ አብዲረዛቅ። ከዚያ ዝም። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ይናገራል፣ እሱ ዝም። መጨረሻ ላይ ወደ ሰው ዞሮ «ሌላው ያው የሴት ለቅሶ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጭኗ ጣቴ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው።

እትዬ ፊንላንድ እንደገና እጃቸውን ከፈቱ። «አልሰረቅኩም!» አለ። እንደገና መለስኩት።

«ምን ሆነሻል? ላፕቶፑ ተበላሸ?»

«ላፕቶፑ ደህና ነው። የተበላሸው ትርጉሙ ነው።»

ይሄኔ ከፊት የተቀመጡት የሆዳን አክስት «ቆይ አንተ ልጅ» አሉ። «ይህን ሁሉ አፏን ያንቀሳቀሰችው ‹አልሰረቅኩም› ለማለት ብቻ ነው? ቀሪውን የት አደረስከው?»

አሁን የተሳቀው በእሱ ነበር። ሆዳን ዘላ ማይኩን ከእጁ ወሰደችና «በይ አባዮ፣ በይ እህቴ!» ብላ አቀበለችኝ። ፊልሙን ለቀቅኩትና ከአፋቸው እኩል ተናገርኩ፦

«ማንኪያችሁን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስትታመሙ መድኃኒት በዚሁ ማንኪያ ያጎረስኳችሁ እኔ ነኝ፤ ያኔ እጄን የፈተሸ አልነበረም። ዛሬ ክፈቺ አላችሁኝ፤ ይኸው ከፈትኩ። ደህና አድርጋችሁ እዩት። ከዚህ ቤት የጠፋው ማንኪያ አይደለም። ያለቀው የእኔ እጅ ነው።»

ሆዳን በሶማሊኛ ደገመችው። የሚስቅ ጠፋ። የሆዳን አክስት መዳፋቸውን ገልብጠው ሲያዩ አየሁ። ጋሽ ዮናስ በሩ ጋ ቆመው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ምክትል ርዕሰ መምህሩ «ፕሮግራም አበላሽታችኋል» ብለው እኔንና ሆዳንን ከክበቡ አስወጡን። የምርጥ ተርጓሚ ሽልማት ለአብዲረዛቅ ተሰጠ! አሁን ይሄ ፍርድ ነው? እትዬ ፊንላንድን አገራቸው አሳጠረቻቸው፣ እንግሊዝኛው አሳጠራቸው፣ ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ ጅጅጋ ድረስ መጥተው ደግሞ አንድ ልጅ ያሳጥራቸዋል፤ አሳጣሪው ደግሞ ይሸለማል!

ባጃጇ ውስጥ ይህ ሁሉ ሲመጣብኝ ሙሽራዋ ገና እየተናገረች ነበር። አብዲረዛቅ ባቀጠነው ድምፅ «አላገባውም» አለና ጸጥ አለ።

«ቀሪውስ?» አልኩ ሳላስበው።

«የቱ ቀሪ?» አለ ሾፌሩ።

«አፏን እየው። አሁንም ትናገራለች እኮ።»

ባጃጇን ዳር አስይዞ ስልኩ ላይ አጎነበሰ። ወደ ኋላ መልሶ አየው። ደግሞ መለሰው።

«ዋላሂ!» አለ። «ስንት ጊዜ ያየሁት ፊልም ነው። ምን እያለች ይሆን?»

ህንድኛ አልችልም። ፊንላንድኛም አልችልም ነበር። ስልኬን አወጣሁና ቀሪውን እንደ ድሮው አብረን እንድንፈልገው ሆዳን ጋ ደወልኩ።