የቀኝ ትከሻዬና የቡሬ ሰላምታ

ባሕር ዳር ትከሻዬን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ወደ ቡሬ የተመለስሁ ዕለት፣ ገና ከሚኒባሱ አንድ እግሬን እንዳወረድሁ አንድ የማውቃቸው እህል ነጋዴ መጥተው በቀኝ ትከሻቸው ቀኝ ትከሻዬን ገጩኝ። በክፋት አይደለም፤ በደስታ ነው። በእኛ አገር ሰላምታ ማለት እጅ ለእጅ ተያይዞ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት ነው፤ ናፍቆቱ በበረታ ቁጥር ግጭቱም ይበረታል። ክንዴ በጨርቅ ታስሮ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰውዬው ግን የታመመው የታሰረው ነው ብለው ለክንዴ አዘኑለት፣ ትከሻዬን ገጩት። ዓይኔ ጭልም አለ። «እግዜር ይማርህ ልጄ፤ እጅህን ምን ሆንህ?» አሉኝ።

እጄን ምንም አልሆንሁም። የመረብ ኳስ ተጫዋች ነኝ፤ ለከተማችን ቡድን መረቡ ጥግ ቆሜ ኳስ የምመታው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ለአንድ ኳስ እኩል ዘለልንና ላዬ ላይ ወደቀ፤ ትከሻዬ ከቦታው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሸሚዝ ስለብስ እንኳ የሚወጣ ሆነ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሳይከፈት አይድንም አለ።

ያ ጓደኛዬ ኳስ የሚያነሳልኝ ነው። መረብ ኳስ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ መቺ ያለ አንሺ ከንቱ ነው። እሱ ኳሷን ከመረቡ በላይ በልኩ ያነሳታል፣ እኔ ዘልዬ እመታታለሁ። ከተማሪነታችን ጀምሮ አብረን ስለተጫወትን ኳሷ የት እንደምትደርስ ሳላያት አውቃለሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ የዞኑ ውድድር እየመጣ ነበር። ለዚያ ካልደረስሁ፣ በእኔ ዕድሜ ያለውን ተጫዋች ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ቡድን የለም፤ ቦታዬን ሌላ ይይዘዋል። አሰልጣኙም አልደበቀኝም። «ትደርሳለህ? ካልሆነ ሰው ልፈልግ» አለኝ። እደርሳለሁ አልሁት።

ሐኪሙ ያዘዘኝ ቀላል ነበር። ላስቲክ በር እጀታ ላይ አስሬ ቀስ እያልሁ መሳብ፣ እስኪፈቀድልኝ ኳስ አለመምታት፣ ትከሻዬንም አለማስመታት። ይህ ሐኪም ቡሬን አያውቃትም ማለት ነው። ገበያ ብወጣ ይገጩኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ይገጩኛል፣ ለቅሶ ብደርስ እያለቀሱ ይገጩኛል። «ትከሻዬን ታምሜ ነው» ስላቸው «ውይ፣ አይዞህ» ብለው ይገጩኛል። ነፍሴ እስኪወጣ አስረዳሁ። ኧረ በስንቱ ልናደድ!

ቢቸግረኝ ግራ ትከሻዬን ማቅረብ ጀመርሁ። ይሄ ደግሞ የባሰውን አመጣ። የእናቴ አጎት ከገጠር ለገበያ መጥተው መንገድ ላይ አገኙኝ፤ ግራዬን ሳቀርብላቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸውን አዙረው አህያቸውን ነድተው ሄዱ። ማታ እናቴ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀችኝ።

«ምን በድለውህ ነው ግራህን የሰጠሃቸው?»

«ቀኙ ተሰፍቷል እኮ እማ። አንቺ ራስሽ አጠገቤ ሆነሽ አስታምመሽኛል።»

«እሱን እኔ አውቃለሁ። እሳቸው ምን ያውቃሉ? ሂድና ይቅርታ በላቸው።»

ሄድሁ። ባጃጁ እስከሚገባበት ሄጄ የቀረውን በጭቃ በእግሬ ጨረስሁት። ደጃቸው ላይ ጎንበስ ብዬ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሐኪም ከልክሎኝ ነው እንጂ እርስዎን ንቄ አይደለም» አልኋቸው። ሽማግሌው ልባቸው ራሰ። «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ እኔም ቸኩዬ ነው የተቀየምሁህ» አሉና ተነሥተው ዕርቁን በቀኝ ትከሻዬ ላይ አጸደቁት። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል እሳቸው የንስሐ መስሏቸው መረቁኝ።

መካሪውም አይጠየቅ። ጎረቤታችን ከወጌሻ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄዴን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉኝም። አክስቴ ግሽ ዓባይ ሄጄ ካልተጠመቅሁ አይሆንም ብላ ስንቅ ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። የነፍስ አባታችን ምሬቴን ሰምተው «ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ ትከሻ ሰፊ ሁን» አሉኝ። «ትከሻ ሰፊውማ ባሕር ዳር ነው ያለ አባ፤ እኔ የተሰፋሁት ነኝ» አልኋቸው። በሳቅ ሊሞቱ ምንም አልቀራቸው፤ ቅኔ የዘረፍሁ መሰላቸው። እኔ አንጀቴ አርሮ ነው የተናገርሁት።

በዚያ ሁሉ መከራ ልብ ያለው አንድ ሰው አገኘሁ፤ ኳስ አንሺው ጓደኛዬ። ሲያገኘኝ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል። አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም። ለሰው ሁሉ «እንደሱ ሁኑ፣ ሰው ማለት እሱ ነው» እያልሁ ምሳሌ አደረግሁት።

ቀኑ ደርሶ ሐኪሙ ክንዴን ወደ ላይ አስነሣኝ፣ ገፋኝ፣ ጎተተኝ፤ «ጨርሰሃል፣ ምታ» አለኝ። ጓደኛዬ አብሮኝ ሄዶ ነበርና በጆሮው ሰምቷል። በማግሥቱ ልምምድ ገባሁ። ኳስ ግን አይመጣልኝም። ለቀኙ መቺ ያነሳል፣ ለመካከለኛው ያነሳል፣ እኔ ዘልዬ ባዶ አየር ይዤ እወርዳለሁ። አሰልጣኙ ቀስ በል ብሎት ይሆናል ብዬ ተውሁት። ውድድሩ ሲደርስ ይስተካከላል አልሁ።

ፍኖተ ሰላምም ያው ሆነ። ተመልካቹ ሜዳውን ከቦ ይጮሃል፣ ያሸንፋሉ የተባልነው እኛ ማሸነፉ ቀርቶ ልንሸነፍ ነው፣ እኔ ጥግ ላይ እንደ እንጨት ቆሜያለሁ። «ወዲህ! ወዲህ!» እላለሁ። አልፎ አልፎ ቢመጣም ዝቅ ያለ፣ መረቡን የታከከ፣ መዳሰስ እንጂ መምታት የማይቻል ኳስ ነው። ደሜ ፈላ። ዕረፍት ሲጠራ ማሊያውን ጨምድጄ ያዝሁት።

«ድኛለሁ እኮ። ሐኪሙ ሲናገር አልነበርህም?»

«ነበርሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

እጆቹን አየ። «ያኔ ስወድቅብህ አንተ እየጮህህ ስለነበር ድምፁን አልሰማኸውም» አለኝ። «ትከሻህ ሲወጣ የሰማሁት እኔ ነኝ። ኳሷን ወደ አንተ ከፍ ላደርጋት ስል ያ ድምፅ ይመጣብኛል። እጄ እምቢ ይለኛል።»

ያን ጊዜ ነው ከሩቅ ቆሞ ሰላም ሲለኝ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ። እኔ አስተዋይነት ያልሁት ፍርሃት ነበር። አሰልጣኙ መጣና እሱ በቆመበት እኔን ጠየቀኝ። «አልተጣጣማችሁም። አንተን ላውጣ ወይስ እሱን?»

ያን ሁሉ ጊዜ ላስቲክ የጎተትሁት፣ ያን ሁሉ ግጭት የቻልሁት ለዚህች ቀን ነው። «እሱን» አልሁ።

ተቀያሪው አንሺ ስለ ትከሻዬ የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ኳሷን ከፍ አደረገልኝ። ዘለልሁ፣ ባለኝ አቅም መታኋት፣ መሬት ወረደች። ትከሻዬ ንቅንቅ አላለም። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ። ወደ ተቀያሪ ወንበር ዞር ስል ከሁሉም በላይ የሚያጨበጭበው ጓደኛዬ ነው። ያን ቀን እንደተናደድሁ ተናድጄ አላውቅም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁንም አንድ ቡድን ውስጥ ነን፤ አብረን እንለማመዳለን፣ አብረን ምሳ እንበላለን። ለሁሉም ኳስ ያነሳል። የእኔ ተራ ሲደርስ ኳሷን ለዚያኛው አንሺ ይሰጥና ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል።