ከጎማው ሥር ያለው ዝልግልግ

እትዬ ብሩሽ የሚለውን ስም ያወጡላት ዶሮ የሚበልቱት ሴቶች ናቸው። በዶሮ ማረጃው ፋብሪካ የጽዳት ክፍል ኃላፊ ሆና በሠራችባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ብሩሽ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። ቁመቷ አጭር ነው፤ የጎማ ቦቲዋ ጉልበቷን አልፎ ይሄዳል። ምላሷ ግን አጭር አይደለም።

በዚያ ሰሞን ሳትበሳጭ የዋለችበት ቀን አልነበረም። ከመበለቻው ክፍል በጥጥ ተጠርጎ የተወሰደው ናሙና ሳልሞኔላ አለበት የሚል ወረቀት ከላብራቶሪ መጣ። ሰው ሆድ ገብቶ በተቅማጥና በትኩሳት የሚያጣድፈው ጀርም ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

«እትዬ፣ በደንብ አታጥቡም ማለት ነው» አላት። በዕድሜ ልጇ ስለሚሆን ሲቆጣም በአክብሮት ነው።

«ቆዳችን እስኪላጥ እናጥባለን።»

«እንግዲያው ክሎሪኑን እጥፍ ያድርጉት።»

አደረገችው። የሠራተኞቿ ዓይን ቀላ፤ እሷም ስታስል ሰነበተች። በሳምንቱ ሁለተኛ ወረቀት መጣ፤ ያው ሳልሞኔላ። ክሎሪኑ ሦስት እጥፍ ሆነ። ሦስተኛው ወረቀትም እንደ ታላላቆቹ ሳልሞኔላውን ይዞ ከች አለ።

የዚያን ዕለት ቆሽቷ አርሮ ቤቷ ገባች። ባሏ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ የመጠጥ ውኃ ጀሪካኑን ማጠብ የእሱ ድርሻ ነው። ውኃ ልትቀዳ ስትል ጣቷን በጀሪካኑ አፍ አስገብታ ውስጡን ዳበሰችው። አሟለጫት።

«ይሄ ታጥቦ ነው?»

«ሦስቴ ውኃ አዙሬ ደፋሁት እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ውኃ ማዞር ምን ያደርግለታል? ሳይፈተግ!» ብላ ልትቀጥል ስትል አፏ ላይ ቀረ። ይህንኑ የሚያሟልጭ ነገር በሥራ ቦታ ጣቷ ያውቀዋል። ዶሮውን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያጓጉዘው ረጅሙ ጎማ፣ ጠርዙ ሥር።

በማግስቱ ቦቲዋን እንኳ ሳትቀይር ላብራቶሪ ገባች። ባለሙያዋ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት።

«ልጄ፣ እነዚህ ጀርሞች የሚያሟልጭ ነገር ይሠራሉ እንዴ?»

«ይሠራሉ እንጂ፣ እትዬ። ስንጥቅ ሲያገኙ ይጣበቁና ይራባሉ፤ ከራሳቸው ዝልግልግ ነገር አውጥተው ይሸፈኑበታል። ክሎሪን ሲፈስባቸው የላዮቹ ይሞታሉ፣ ከሥር ያሉት ይተርፋሉ። የተረፉት ደግሞ እየተላቀቁ ሌላ ቦታ ይዳረሳሉ።»

«ታዲያ ክሎሪኑን በሦስት እጥፍ የምንደፋው ለምንድን ነው?»

«በሳሙና ተፈትጎ ካልተላጠ ብዙም አይረዳም። መጀመሪያ መፈተግ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ነው ክሎሪኑ።»

«ይሄንን ለሥራ አስኪያጁ ነግረሽዋል?»

«ጽፌ ሰጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ።»

እትዬ ብሩሽ ግንባሯን ያዘች። የሁለታቸውም ድካም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖ ኖሯል!

ቀጥታ ወደ መካኒኩ ሄደች። መካኒኩ ብሎን ከመፍታት ጥርሱን ቢነቅል ይመርጣል።

«ጎማው ይፈታልኝ።»

«ከተፈታ ግማሽ ቀን ሥራ ይቆማል። ደግሞ ማሽኑን ከተከልኩት ጀምሮ ተፈትቶ አያውቅም።»

«መቼ ተከልከው?»

«ሰባት ዓመት ይሆነዋል» አለ ኮራ ብሎ።

«ሰባት ዓመት!» ብላ ወደ ቢሮ ገሰገሰች።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ስትደርስ የጠበቃት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ግዴታዋን ባለመወጣቷ ይላል። ይፈርሙ ብሎ እስክሪብቶ ዘረጋላት።

«ዝንጀሮ ቀድሞ መቀመጫዬን አለች» አለችው። «መጀመሪያ ጎማው ይፈታ። ከሥሩ ምንም ካልተገኘ በሁለት እጄ እፈርማለሁ።»

«እትዬ፣ ዛሬ ብዙ ትእዛዝ አለብን።»

«እንግዲያው በሽተኛ እናመርታለን ማለት ነው?»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ለመካኒኩ ደወለ።

መካኒኩ እያጉረመረመ ፈታው። ጎማው ሲነሳ ከሥሩ ያለው የብረት ጠርዝ ዳር እስከ ዳር ግራጫ ልጋግ ለብሷል፤ የጎማው የውስጥ ገጽም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ሽታው ሁሉንም አፍንጫ አስያዘ። ባለሙያዋ ከስንጥቁ ውስጥ በጥጥ ጠርጋ ወሰደች። መካኒኩ በጓንት ነካ አደረገውና ማንም ሳያዘው የቀሩትን ብሎኖች መፍታት ጀመረ።

የናሙናው ውጤት እንደ ጠረጠረችው ሳልሞኔላ ሆነ። በተሰነጠቀው ምትክ አዲስ ጎማ ለማስመጣት ግን አራት ወር ይፈጃል ተባለ። እንደገና አረረች፤ ቢሆንም ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። በየሳምንቱ ረቡዕ ጎማው ይፈታል፤ አራት ሆነው ተንበርክከው በሳሙና ይፈትጉታል፤ ያለቀልቁታል፤ ክሎሪኑ የሚከተለው ከዚያ ነው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ በተከታታይ ሦስት ንጹሕ ወረቀት መጣ።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰበሰበ። «ክሎሪኑን በማጠናከራችን ችግሩ ተቀርፏል» ሲል እትዬ ብሩሽ ከኋላ ተነሳች።

«ክሎሪኑንማ ከወር በፊት ወደ ድሮው ልክ መልሼዋለሁ።»

ሴቶቹ ፍርፍር ብለው ሳቁ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ቀላ፤ ወደ ባለሙያዋ ዞሮ «እውነት ክሎሪኑ አይደለም?» አላት። «ጽፌ ሰጥቻለሁ» አለች። በማግስቱ ያልፈረመችበትን ደብዳቤ ራሱ ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቀደደው። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። እሷም አልጠበቀችም፤ ቁርጥራጩን ከመሬት እንዲያነሳ ብቻ ነገረችው።

አራት ወር የተባለው አዲሱ ጎማ በስድስተኛው ወር መጣ። መካኒኩ ገጥሞ ሲጨርስ እጁን አራገፈ።

«ተገላገልን! ይሄማ ስንጥቅ የለውም፣ ከእንግዲህ መፍታት ቀረ።»

«ረቡዕ ትፈታዋለህ» አለችው።

እየተራገመም ቢሆን ፈታው።