ስሙን ቀድሞ የጠራው ማን ነው?

የዚያ ዓመት ጥቅምት ውርጩ ያለ ጊዜው ገባ። ማለዳ ስንነሳ የባቄላው ማሳ የፈላ ውኃ እንደ ደፉበት ጠቁሮ ጠበቀን። ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም። ከብርዱ ይልቅ ዛሬም ከልቤ ያልወጣው ግን የሰዉ ዓይን ነው፤ ሁሉም ዝም ብሎ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። በእኛ በጋይንት ክፉ ዓመት ሲመጣ ሰው ሰማዩን ብቻ ወቅሶ አይተኛም፤ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ጥፋተኛ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ሸክላ ሠሪዎቹ አሉ።

የማወራው ስለ የትናየት ነው፣ ስለ ሸክላ ሠሪዋ ስለ ካሣነሽ ልጅ። እነሱን ጠይብ እንላቸው ነበር፤ ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እንል ነበር። ጋኑን ከእነሱ እንገዛለን፤ ከቤታቸው ግን ውኃ አንቀምስም። እኔም ስንት ጊዜ ከካሣነሽ ደጅ ጋን ተሸክሜ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ተመልሻለሁ።

የትናየት ትምህርት ቤት ስትገባ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ። አስተማሪው ቢያዝንላት «ግድ የለም፣ ወንበሩ ሰፋልኝ» አለችው አሉ። እንዲያ እያለች ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሳይኮሎጂ የሚሉትን አጠናች። ልጄ በላይነህ «እንግዲህ ቡዳውም ሐኪም አወጣ!» ብሎ ሲስቅ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ምን ልደብቅ።

ለመመረቂያዋ መጠይቅ ይዛ መጣች። ከውጭ አገር የመጣ፣ በአማርኛ የተገለበጠ ወረቀት ነው። የመጀመሪያዋ ተጠያቂ እናቷ ነበረች። «ራስሽን ምን ያህል ታከብሪያለሽ? ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ስጪ» ብላ አነበበችላት። ካሣነሽ ጭቃዋን ማሸት ሳታቆም፣

«እኔ ራሴን አከብራለሁ፣ ልጄ። የማያከብረኝን ወንዝ ተሻግረሽ ጠይቂ» አለቻት።

የትናየት ያንን ወረቀት ጣለችው። ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀው ተበዳዩን ሳይሆን ከሳሹን ሆነ። ከጋይንት እስከ ስማዳ በእግሯ እየዞረች፣ ቡዳ በላው የተባለ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሁሉ ገብታ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ሕመምተኛው ስም ከመጥራቱ በፊት ማን ምን አለ? መልሱን በደብተር ትጽፋለች። ሰው ዕብድ አላት። እሷ ግን በጀ አላለችም።

በዚያ በውርጩ ጥቅምት የልጅ ልጄ ገነት ታመመች። የበላይነህ ልጅ ናት፤ ዐሥራ አምስት ዓመቷ። ትምህርቷን አቋርጣ ለባል ታጭታ ነበር። አንድ ቀን እህል ስታበጥር ወደቀች። ጥርሷ ገጠመ፣ እጅ እግሯ ተወራጨ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ መድኃኒት አጠንናት። ያደረባትን «ማን ነህ? ተናገር!» እያልን ጮኽንባት። መልስ የለም። ይሄኔ እኔ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ «ካሣነሽ ናት? ካሣነሽ ናት አይደል?» አልኩ።

«ካሣነሽ!» ብላ ጮኸች።

በላይነህ «እስከ እሑድ አገር ለቃ ትውጣ። አለዚያ ጎጆዋን አነዳለሁ» አለ። ጎረምሶቹም ከኋላው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩን እሑድ ተቀምጠን እናየዋለን አሉ።

የትናየት ወሬውን በስልክ ሰምታ ከንፋስ መውጫ ከተማ መጣች። እናቷ ዘንድ ትሄዳለች ስንል ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ደብተሯን ይዛለች።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«እግዜር ይመስገን። ለእናትሽ ልትማልጂ ነው?»

«የለም፣ ልጠይቅዎ ነው። ገነት ስም ከመጥራቷ በፊት ስም የጠራ ሰው ነበር?»

እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ። መጠበቅ ትችልበታለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት በመጨረሻ።

ጻፈችው። «ይህንኑ እሑድ በሽማግሌ ፊት ይናገሩታል?»

«ልጄን በሰው ፊት ላዋርደው ነው?»

«እናቴ ከተሰደደች በኋላ ቢናገሩት ምን ያደርግልኛል?»

ደብተሯን አጥፋ፣ ወንዙን ተሻግራ ወደ እናቷ ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ መሐል ድጓ ከቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት የተማሩት መሪጌታ ይስሐቅ አሉ። የትናየት ተነስታ ደብተሯን ገለጠች።

በላይነህ አላስቀጠላትም። «ልጅ ለእናቷ መስክራ ያያችሁበት አገር የት ነው?»

«እውነቱን ነው» አለች። «እኔን አትመኑ። እኔ የጻፍኩትን የነገሩኝ የእናንተው ዘመዶች ናቸው። ዐሥራ ዘጠኝ ሕመምተኛ ጻፍኩ። ዐሥራ ሰባቱ የጠሩት ጠያቂው ቀድሞ የጠራላቸውን ስም ነው። ስም ያልቀደማቸው ሁለቱ አለቀሱ እንጂ ማንንም አልከሰሱም።»

ሰዉ አጉረመረመ። መሪጌታ ይስሐቅ ወደ ልጄ ዞሩ።

«በላይነህ፣ አምና በድንበርህ ስትሟገት ባላጋራህ ለምስክሩ ቃል ሲያቀብለው ምን አልክ?»

«ምስክሩን አስጠናብኝ፣ አይሰማልኝ አልኩ፣ የኔታ።»

«ለአንድ ክንድ መሬት ያልፈቀድከውን ለሰው ሕይወት ልትፈቅድ ነው? ለመሆኑ ለገነት ቃሉን ያቀበላት ማን ነው?»

የትናየት ስሜን ታውቃለች፤ ገጹ በእጇ ነው። አላነበበችውም። ወደ እኔም አላየችም። ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ። ልጅቷ ምንም አላለችም ነበር። ካሣነሽን በአፏ ያኖርኩት እኔ ነኝ።»

በላይነህ ቀና ብሎ አላየኝም። ሽማግሌዎቹ ማንም ካሣነሽን ከቤቷ እንዳያፈናቅላት ወሰኑ። ዋሷም ራሱ በላይነህ ሆነ፤ ጎጆዋ ቢነካ ተጠያቂው እሱ ነው። ልጄ እስከ ገና ድረስ አላናገረኝም። ዛሬም ካሣነሽን በመንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ፤ ሁሉም ተመለሰ ብዬ አልዋሽም።

የትናየት ሦስት ሳምንት ከገነት ጋር ተቀመጠች። ያች ልጅ ሳትጠየቅ መታጨቷን፣ የትምህርት ደብተሯን ሣጥን ውስጥ መደበቋን ለእሷ ነገረቻት። ብዙ ተጨቃጭቀን እጮኝነቱ ፈረሰ። ሕመሙ ጨርሶ አልተዋትም። ሲመጣባት ግን አጠገቧ ተቀምጠን፣ የማንንም ስም ሳንጠራ እስኪያልፍላት እንጠብቃለን።

የትናየት ከዚያ ወደ እስቴ ተሻገረች፤ እዚያም ብረት ቀጥቃጮቹን ቡዳ የሚሉትን ሰዎች ቤት ለቤት ዞራ ጠየቀች። ለጤና ሠራተኛውም ለካህኑም «ስም አትቅደሙ» እያለች ታስተምራለች አሉ። ባለፈው የካቲት ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ከተማ ነበረች። ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ሁለት የሸክላ ሠሪ ልጆች አብረዋት ይጽፋሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኩም አይሠራ፣ ሌላ ወሬ አልሰማሁም።